እኔም ልጂቱ ነበርሁ

እስከ ስምንት ዓመቴ ድረስ ሴት ነበርሁ። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል፤ ባለቤቴ ደግሞ «አሁንስ ምን ተለወጠ?» ትላለች። አርባን አልፌ፣ ሆዴ ቀበቶዬን ሸፍኖት፣ መላጣዬ የገንዳ ውሃ ከተማን ፀሐይ እንደ ቆርቆሮ ጣራ እየመለሰ ማን ያምነኛል? ያኔ ግን ባደግሁበት ሽንፋ ያለ ሰው ሁሉ ያምን ነበር፤ ያላመነውም ያመነ መስሎ ይጫወትልን ነበር። እናቴ «አንች» ትለኛለች። አባቴ «ነይ እስቲ» ይለኛል። ጎረቤት ሲያልፍ «ልጂቱ ደኅና ናት?» ብሎ ይጠይቃል። ግራ ጆሮዬ ተበስቶ ቀይ ክር ገብቶበታል፤ ጠጉሬም እንደ ሴቶቹ መሐሉ ተላጭቶ ዙሪያውን ጋሜ ነው። ልብሴ የታላቅ እህቴ ቀሚስ ነበር፤ እሷን ሲያጥራት ለእኔ ይወርዳል።

እህቴን እታለም እላታለሁ። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። የቀሚሱን ነገር ያነሳሁት እንድትስቁ ነው፤ ታሪኩ ግን የእሷ ነው።

እናትና አባቴ ከጭልጋ ደጋ ወደ ሽንፋ ቆላ የወረዱት እንጀራ ፍለጋ ነው። አባቴ የሰው ትራክተር ይነዳል፤ እናቴ በሰሊጥ ቆረጣ ጊዜ እርሻ ካምፕ ገብታ ለሠራተኞች ምግብ ታበስላለች። ቆላው ሥራ ሰጣቸው፣ ልጅ ግን ወሰደባቸው። ሦስት ወንዶች አከታትለው በወባ ቀበሩ። ከዚያ እታለም ተወለደችና ኖረች። ከእሷ ቀጥሎ እኔ መጣሁ። ወንድ መሆኔን ሲነግሯት እናቴ ደስ በማለት ፋንታ አለቀሰች ይባላል።

ጎረቤታችን ቆብ የደፉ አሮጊት ነበሩ፤ እማሆይ እንላቸዋለን። መላውን ያገኙት እሳቸው ናቸው።

«ሞት የሚፈልገው ወንዱን ነው» አሉ። «ሴቷን አይቷት አልፎ ሄደ፤ አላያችሁም? ይህንንም ሴት ነው በሉት፤ አይቶ ይለፈው።»

ልማዱ ከደጋ የመጣ ነው፤ ልጅ አልበረክትለት ያለ ሰው ሁሉ ያደርገዋል። እማሆይ ግን ከራሳቸው አንድ ነገር ጨመሩበት። «ሁለቱን እንዳትለያዩዋቸው» አሉ። «ጎን ለጎን ከታዩ ሁለት ሴቶች ናቸው። ለብቻው የታየ ዕለት ይነቃበታል።»

ስለዚህ አልተለያየንም። ውሃ አብረን እንወርዳለን፣ እንጨት አብረን እንለቅማለን፣ አንድ ቁርበት ላይ እንተኛለን። እኔ በበኩሌ ተመችቶኝ ነበር። በሴቶቹ ወረፋ ገብቼ ስቆም የሰፈሩን ወሬ ከምንጩ እጠጣለሁ፤ ማን ማንን እንደ ከጀለ፣ የማን ሚስት ልትኮበልል እንደ ሆነ ቀድሜ የማውቅ እኔ ነኝ። ከድንበሩ ማዶ ሰሊጥ ሊጭን የሚመጣ ጀለቢያ የለበሰ ሱዳናዊ ነጋዴ ነበር። ሲያየን «ያ ቢት!» ብሎ ይጠራናል፤ «አንች ልጅ» እንደ ማለት ነው። ሁለታችንም ሮጠን ከረሜላችንን እንቀበላለን። አንድ ቀን ግን ግንድ ተደግፌ፣ ቀሚሴን በጥርሴ ይዤ፣ ቆሜ ስሸና ደረሰብኝ። ሰውዬው ከረሜላውን እንደ ዘረጋ ቀረ። እታለም ናት ያዳነችኝ። በቻለችው ዓረብኛ «አይዞህ፣ አሟት ነው» አለችው።

ያን ያህል ነበር የምትጠብቀኝ። ጥበቃው ግን ዋጋ ነበረው፤ ዋጋውን የምትከፍለውም እሷ ነበረች። ሰባት ዓመት ሲሞላት እኩዮቿ ትምህርት ቤት ገቡ። እሷ ቀረች። ብቻዋን ከሄደች እኔ ብቻዬን እቀራለሁ፤ ብቻዬን ከቀረሁ ደግሞ ሞት ይነቃብኛል። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ። ውሃ ስንወርድ ደብተር የያዙ ልጆች በአጠገባችን ሲያልፉ ጀሪካኗን አስቀምጣ ዞረው እስኪጠፉ ታያቸዋለች። እኔ «እንሂድ፣ ፀሐዩ» እላለሁ። እንዲህ ነኝ እኔ፤ ድሮም ፀሐይ አልወድም።

አንድ ጠዋት አመጸች። አባቴ ትራክተሩን ሊያስነሳ ሲል የኋላ ጎማው ሥር ገብታ ተቀመጠች።

«ውጭ ልጄ፣ እረግጥሻለሁ።»

«እርገጠኝ።»

«ምን ሁነሽ ነው?»

«ትምህርት ቤት ካልገባሁ አልወጣም።»

እኔም ሁለት ሴቶች ነን እንጂ ብዬ ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥሁ። አባቴ ሲስቅ ትዝ ይለኛል። ጎንበስ ብሎ በየተራ ጎተተንና ሁለታችንንም የጎማው መከለያ ላይ አስቀመጠን። በግሪስ የጠቆረ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ እንዲህ አለ፤ «ልጆቼን ይንሳኝ! እሷ ወንድ የሆነች ዕለት ሁለታችሁንም ባንድ ቀን አስገባችኋለሁ።»

«እሷ» የተባልሁት እኔ ነኝ። አሁን ሲወራ ያስቃል፤ ያኔ ግን ማንም አልሳቀም። ሦስት ልጅ የቀበረ ሰው «ልጆቼን ይንሳኝ» ብሎ ሲምል ቀልድ የለውም። እናቴ ከጓዳ ሰምታ «ምነው አንተ፣ ሌላ መሐላ አጣህ?» ብላ ጮኸች። እታለም ግን ከመከለያው ላይ ዘላ ወረደችና ጀሪካኗን አነሣች። ከዚያ ቀን ወዲያ ስለ ትምህርት ቤት አንድም ቀን አልጠየቀችም። ተምሎላታላ! ሁለት ዓመት ያንን መሐላ ተማምና ውሃ ቀዳች።

ወንድ የሆንሁት በቡሄ ነው። ስምንት ዓመቴ ነበር። እማሆይ ራሳቸው ጋሜዬን ላጩኝ፤ አባቴ ሱሪ ገዛልኝ፤ የሰፈሩ ወንዶች ጅራፍ ሰጡኝ። ጅራፍ የሚያጮህ ወንድ ነውና እኔም ወንድነቴን ለማሳየት አዙሬ ብለቀው ተመልሶ የራሴን ጆሮ አገኘው፤ ያንኑ የተበሳውን። እማሆይ «በቃ፣ ወንድ ሁኗል፤ ራሱን መምታት ጀመረ» አሉ።

በዚያው ሰሞን አባቴ ከገበያ ሁለት ደብተር ይዞ መጣ። አንዱን ለእኔ፣ አንዱን ለእታለም። እርሳሱ አንድ ስለነበር በቢላ ለሁለት ከፈለው። የእኔ ደብተር በሦስተኛው ቀን ሽፋኑ ወለቀ። እታለም የሲሚንቶ ከረጢት አንጥፋ፣ ዳሩን እያጠፈች የእሷን አለበሰችው። አታነበው ነገር፣ አትጽፍበት ነገር፤ ጠዋት ጠዋት ትከፍተዋለች፣ ባዶውን ገጽ በእጇ ትዳስሳለች፣ ትዘጋዋለች። «ምን እያየሽ ነው?» ስላት «አንተ ምን ታውቃለህ፣ ትናንት ሴት የነበርህ» አለችኝ።

ምዝገባው መስከረም ሲጠባ ነበር። የቆላ ሰው መስከረምን ያውቃታል፤ ሰሊጡ ቢጫ መሆን የሚጀምርባት ወር ናት። ሰሊጥ ቀጠሮ አይሰጥም። ፍሬው ሲደርስ ካልተቆረጠ ይከፈትና የዓመቱ ልፋት መሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ ከጎጃም ከወሎ ሠራተኛው እየተጫነ ይገባል፤ ባለ እርሻውም አብሳይ ፍለጋ ይሮጣል። የእናቴ ካምፕ የሚከፈተውና የትምህርት ቤቱ በር የሚከፈተው በአንድ ሳምንት ነው። እኔ ይህን ያኔ አላውቅም። አባቴና እናቴ ግን ትራክተሩ ሥር በተማለበት ቀንም ያውቁት ነበር።

ሦስታችን ሄድን፤ አባቴ፣ እታለምና እኔ። የምንመዘገብበት መንገድ አንድ ነበር፤ የልደት ወረቀት ማን አለው? እጅህን በራስህ ላይ አዙረህ የማዶ ጆሮህን ከነካህ ደርሰሃል፣ ካልነካህ ሂድና እደግ። እታለም ወረፋ ላይ ሆና ሦስት ጊዜ ተለማመደችው፤ ጆሮዋን ነክቶ አልፎ አገጯ ይደርሳል። የእኔ ተራ ሲደርስ በግድ ነካሁ። መምህሩ ቀዩን ክር አየና «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ክሩን መፍታት ረስተውት ነበር።

«ልማድ ነው፣ የኔታ» አለ አባቴ። «ልጅ አልበረክት ብሎን ነው።»

«እሷስ?» አለ መምህሩ እታለምን እያየ። እጇን ቀድማ በራሷ ላይ አዙራ፣ ጆሮዋን ይዛ ቆማለች።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሷ ለጊዜው ትቆይ። ሰሊጡ ይግባና።»

«ሰሊጡ ሲገባ ምዝገባ የለም።»

«ግዴለም፤ ለከርሞ። አሁን ልጁን ብቻ።»

መምህሩ ጻፈ። እታለም እጇን ከጆሮዋ አላወረደችም። ወረፋው ከኋላችን ሲገፋ አባቴ ክንዷን ያዛትና ከመስመሩ አወጣት፤ ያኔም እጇ እንደ ተነሣ ነው። አላለቀሰችም። «አባ፣ ምለህ ነበር እኮ» አለች፤ ያውም ቀስ ብላ፣ ሰው ፊት እንዳይዋረድ።

«ከርሞ አልሁሽ አይደለም? ምን ትሆኛለሽ? እናትሽ ብቻዋን ለሠላሳ ሰው ታበስል?» ከዚያ እጁን ዘረጋና በሲሚንቶ ወረቀት የተለበሰውን ደብተር ከብብቷ ወሰደ። ለእኔ ሰጠኝ። «አንተ ቶሎ ትጨርሳለህ፤ ሁለት ያስፈልግሃል።»

ተቀበልሁት። አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ብዙ ነገር ማለት ይቻል ነበር። «የእሷ ነው» ማለት ይቻላል፤ ሁለት ቃል ነው። ጎማ ሥር አብሬያት የገባሁ እኔ አልነበርሁም? እኔ ግን ወንድ ከሆንሁ ገና ሦስት ሳምንቴ ነው፤ ሱሪዬ አዲስ ነው፤ ሁለት ደብተር ያለው ልጅ ደግሞ በመስመሩ ላይ እኔ ብቻ ነበርሁ። ደስ አለኝ። እውነቱ ይሄ ነው፤ ደስ አለኝ።

እታለም ከእናቴ ጋር ካምፕ ገባች። እኔ ከእማሆይ ዘንድ እያደርሁ ትምህርት ቤት እመላለሳለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በትራክተር ጋሪ ካምፑ ድረስ እሄዳለሁ። የቆራጮቹ ሥራ ያስፈራል፤ ጎንበስ ብለው ገብተው ቀና ሳይሉ ማሳውን ይጨርሱታል፣ ከኋላቸው ነዶው እንደ ወታደር ቆሞ ይቀራል። ውሃ ሲጠማቸው አይመጡም፤ ይጣራሉ።

«ልጅ! ውሃ!»

እሷ ጣሳና ጀሪካን ይዛ ትሮጣለች። ከወዲያ ጫፍ ሌላው «ልጅ! ወዲህ!» ይላል። ስሟን አንድም ሰው አይጠይቅም፤ ምን ያደርግላቸዋል? ካምፑ ውስጥ ሌሎች ልጆችም ነበሩ። የበሬ ጠባቂው ልጅ፣ የዘበኛው ልጆች፣ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ። ግን «ልጅ!» ሲባል አንዳችንም ቀና አንልም። ወንዶቹን «አንተ ጎረምሳ»፣ «ወንድሜ»፣ «ኮበሌው» ነው የሚሉን። እኔማ ማዕረግ ነበረኝ፤ «ተማሪው» ነበርሁ። ልጅ የምትባል እሷ ብቻ ናት። አስቡት፤ ከሁለት ወር በፊት ሁለታችንም «ልጂቱ» ነበርን።

በሦስተኛው ቅዳሜ ነው መሰለኝ፣ ሠራተኞቹ ጥላ ሥር አረፍ ብለው እኔን በመሐል አስቀምጠው ያስለፈልፉኛል። ቀልደኛ ነኝ፤ ሰው ከሳቀልኝ የማልሸጠው ነገር የለም። አንዱ የጎጃም ሰው «እስቲ ተማሪው፣ እንደኛ አርገህ ጥራት» አለኝ። የእሱን የጎጃም ዜማ አስመስዬ፣ ድምፄን አወፍሬ፣ «ልጅ! ውሃ!» ብዬ ጮህሁ። ጥላው በሳቅ ተናወጠ።

እታለም መጣች። ጣሳውን እስከ አፉ ሞላችው። በሁለት እጇ ይዛ፣ ለትልቅ ሰው እንደሚሰጠው እጅ ነሥታ፣ ወደ እኔ ዘረጋችው። «እንካ፣ ተማሪው» አለች።

ጠጣሁት። ምን ላድርግ? ሁሉም እያየኝ ነው። እስኪያልቅ ድረስ ቆማ ጠበቀችኝ፤ ጣሳውን ተቀብላኝ ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም። ወንድሜም ብላኝ አታውቅም። ተማሪው ነኝ።

ሰሊጡ ተራግፎ ሳያልቅ ወባ ያዘኝ። ክፉኛ ነው የያዘኝ፤ ጥርሴ እንደ ትራክተር ሞተር ይንቀጠቀጣል። ካምፕ ወስደው እታለም አጠገብ አስተኙኝ። ያችን ቀን አንድ ነገር ገባኝ፤ መሐላውን ያልረሳችው እሷ ብቻ አልነበረችም። እናቴ አባቴን ቀና ብላ አታየውም። አባቴ ከትራክተሩ አይወርድም። ልጆቼን ይንሳኝ ብሎ ምሎ፣ መሐላውን በልቶ፣ አሁን ይኸው አንዱ ልጁ እየቃዠ ነው።

እታለም በእርጥብ ጨርቅ ግንባሬን እያበሰች ጆሮዬ ሥር ተናገረችኝ፤ «እንዳትሞት። ብትሞት በእኔ ነው የሚያመካኙት።»

«አልሞትም» አልሁ። «ሲሻለኝ ደብተርሽን እመልስልሻለሁ።»

«ጽፈህበታል?»

«አልጻፍሁበትም።» ውሸቴን ነው። አጋማሹ ድረስ ትራክተር ስዬበታለሁ።

በማግስቱ አባቴ ገባ። አጠገቤ ተንበረከከ። መሐላውን ሊፈጽም፣ ለእታለም አንድ ነገር ሊላት ነው ብዬ በትኩሳቴ ውስጥ ሆኜ ጠበቅሁ። እሷም የጠበቀች ይመስለኛል፤ ጨርቁ እጇ ላይ ቀረ። አባቴ ግን ግንባሬን ዳሰሰና «እንዴት አደርሽ፣ ልጄ?» አለኝ። «ተሻለሽ?»

እኔን ነው። እናቴም ከኋላው ቀበል አድርጋ «አይዞሽ፣ ልጂት፣ አይዞሽ» አለች። በተላጨው ራሴ ላይ የእታለምን ሻሽ አሰረችልኝ። ጭንቅ ሲመጣ ወደሚያውቁት መድኃኒት ተመለሱ። ሴት የሚለውን ቃል እኔን ለማዳን መልሰው ሰጡኝ፤ እዚያው የተቀመጠችው እውነተኛዋ ሴት ግን የጠየቀችው ቃል ሳይሆን ደብተር ነበር፣ እሱን ማንም አላነሣውም። እታለም ፊቷን ወደ ሸራው ግድግዳ አዞረች። ሞት አይቷት የሚያልፋት ለምን እንደሆነ፣ እነሱም አይተዋት የሚያልፏት ለምን እንደሆነ፣ ያን ጊዜ የገባት ይመስለኛል። አሥር ዓመቷ ነበር።

ዳንሁ። ከወር በላይ ቤት ውስጥ ሴት፣ ትምህርት ቤት ወንድ ሆኜ ከረምሁ። ደብተሩን አልመለስሁም። ከርሞ መጣ፤ ሰሊጡም መጣ፤ ከርሞ ሌላ ከርሞ ወለደ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሽማግሌዎች ከገለጉ በጭነት መኪና መጡ። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ «ልጅህን ለልጃችን» ብለው ነው የሚጀምሩት። ሁለቴ ልጅ ተባለ፤ ከሁለቱ ተነሥቶ የሚሄደው የትኛው እንደሆነ ግን አንድም ሰው አልጠየቀም። እኔ አምስተኛ ክፍል ነበርሁ፤ የሒሳብ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነበር። እታለም ተድራ መኪናው ላይ ስትወጣ «ደኅና ሁን፣ ተማሪው» አለችኝ።

ከዚያ እኔ ተማርሁ፤ ተማርሁ፤ ገንዳ ውሃ የእንግሊዝኛ መምህር ሆንሁ። አንድ ቀን በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አንድ ትራስ የሚያህል መዝገበ ቃላት ሳገላብጥ «ገርል» የሚለው ቃል ድሮ ወንድ ሴት ሳይለይ ልጅ ሁሉ ማለት እንደነበር አነበብሁ። ደስታዬን ልንገራችሁ አልችልም። እኔም እኮ ገርል ነበርሁ! ሮጬ ክፍል ገባሁና ለተማሪዎቼ አወጅሁ። አንዲት ከኋላ የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ታዲያ ወንዱ የት ሄደ?»

«ትምህርት ቤት» አልሁ።

ክፍሉ ሳቀ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ አልለቅ ብሎኛል። ቃሉ በአንድ ቀን ሴት የሚሆን አይመስለኝም። ሁሉም ልጅ በአንድ ቃል ውስጥ አብሮ ይኖራል፤ ወንዱ ጎረምሳ ይባልና ይወጣል፣ ተማሪ ይባልና ይወጣል፣ ሰው ይሆንና ይወጣል፤ እሷ እዚያው ትቀራለች። ቤቱ ውስጥ የቀረው እሷ ብቻ ስትሆን ቤቱም በእሷ ይጠራል። የእኛም ቢሆን ልጃገረድ ብለን እናሞግሳታለን፤ ከዚያ ግማሹን ቆርጠን ገረድ እንልና ጓዳ እናስገባታለን። የድንበሩ ማዶ ዓረብኛ ግን ሐሳቤን አበላሸብኝ፤ ወንድ ልጅን «ወለድ» ይሉታል፤ ቃሉ ከመወለድ የመጣ ነው፣ የተወለደ ሁሉ መባል ሲገባው ለወንዱ ብቻ ሰጥተውታል። ባለቤቴ «አንተ እስክትመራመር ዓለም መናገሯን አታቆምም» ብላኛለች።

እታለም የመጣችው ባልጠበቅሁበት ሰዓት፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። በጭነት መኪና፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ ሴት ልጇን በእጇ ይዛ። ልጅቷ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አራተኛን ጨርሳለች። «ባሌ ዘንድሮ ካምፕ ልትገባ ነው አለኝ» አለችኝ፤ ሰላምታም አላስቀደመች። «በሰሊጥ ወቅት ገለጉ አላስቀምጣትም። እዚህ ትማራለች። አንተ ቤት ትቀመጣለች።»

«ደስ ይለኛል!» አልሁ። ደስታዬን ላካፍላት ብዬ የመዝገበ ቃላቱን ነገር ነገርኋት። እጄን እያወራጨሁ፣ ወንዱ ከቃሉ ሲወጣ፣ ሴቷ ስትቀር። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ይኼን ለማወቅ ነው ያን ሁሉ ዓመት የተማርኸው?» አለች። «እኔን ብትጠይቀኝ ካምፑ ውስጥ እነግርህ አልነበር?»

ምዝገባው ላይ «ልናገርልሽ» ብላት «አንተ ዝም በል፤ ዝም ማለት ታውቅበታለህ» አለችኝ። ራሷ ወረፋ ቆመች። የልጇን ስም ራሷ ተናገረች። መዝጋቢው «ግንኙነታችሁ?» ብሎ ወደ እኔ ሲጠቁም «እሱ እንዲሁ ነው የመጣ» አለችው። ፊርማ ሲላት አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረችና ወረቀቱ ላይ ረዘም አድርጋ ተጫነችው።

የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመን፣ መኪናው ጥሩምባ ሲነፋ፣ ክንዷን ያዝኋት። «እታለም፣ ግድ የለሽም፤ እንደ ልጄ ነው የማያት፤ ሙች፣ ልጆቼን ይን...»

እጇን አፌ ላይ ጣለችው። ቀለሙ ገና አልደረቀም። «አትማል!» አለች፤ ድምፅዋ እንደዚያ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም። «እንደ ልጄ አትበል፤ የእኛ ቤት ሰው ልጄ ሲል አውቀዋለሁ። ተማሪ በላት። ውሃ ቅጅ የተባለችበትን ቀን ከሰማሁ መጥቼ እወስዳታለሁ።» ከዚያ ልጇን ሳመቻትና መኪናው ላይ ወጣች። ቻው አላለችኝም።

እቤት ስንገባ ምሳ ቀርቧል። ባለቤቴ ሕፃኑን ታቅፋለች፣ እጇ አልተፈታም፤ ክፋት የለባትም፤ እንዲሁ ከአፏ አመለጣት፤ «ልጅ፣ እስቲ የእጅ ውሃ...»

እኔም የእህቴ ልጅም እኩል ብድግ አልን። እሷን በትከሻዋ መልሼ አስቀመጥኋትና ማስታጠቢያውን ይዤ መጣሁ። «ምን ሁነህ ነው? ከንፈርህስ ምን ነክቶት ነው የጠቆረው?» አለች ባለቤቴ። «ድሮም ልጂቱ እኔ ነበርሁ» አልሁና በእህቴ ልጅ እጅ ላይ ውሃውን አፈሰስሁ። «ታጠቢ፣ ተማሪ።»

ሳቅ ትላለች ብዬ ነበር። ሰው ሁሉ ይስቅልኛል። እሷ ግን እጇን እየታጠበች ቀና ብላ ፊቴን ስታየው ቆየች፤ እናቷ ውሃውን እስክጠጣ ቆማ እንዳየችኝ። አላመነችኝም። እኔም አልፈርድባትም፤ ሰሊጡ ገና አልደረሰም።